የእማማ ጥሩሸዋ ወንፈል

እማማ ጥሩሸዋ አቅመ ደካማ መሆናቸውን የሰሙት አንድ ሸክም ኩበት አዝለው ዳገቱን ሲወጡ ነው።

ደጃፋቸው ላይ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ተሰልፈው ቆመዋል። ከፊት ያሉት «አቅመ ደካሞችን እንረዳለን» የሚል ጨርቅ ወጥረዋል። አስተማሪያቸው በዕውቀቱ ሮጦ ሸክሙን ተቀበላቸው፤ ጥቂት ተንገዳገደና መልሶ አስረከባቸው።

«እናቴ፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ልንሰጥዎ ነው የመጣነው። ቤትዎን እንመርጋለን።»

«ማን ጠራችሁ?»

«በጎ ፈቃድ እኮ ጥሪ አያስፈልገውም!»

እውነተኛው አቅመ ደካማ አባ ወዳጆ ናቸው፤ ጣራቸው ከወደቀ ሁለት ክረምት አልፎታል። ነገር ግን ቤታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። መኪና አይደርስም፤ ፎቶ አንሺም የሚቆምበት ቦታ የለም። የእማማ ጥሩሸዋ ቤት አስፋልቱ ዳር ነው። ችግረኛ ሲመረጥ የመንገዱ ነገር መታየት አለበት።

ልጆቹ ጭቃውን አቦኩ፣ እርስ በርሳቸው ተቀባቡ፣ የተረፈውን ቁመታቸው እስከፈቀደው ድረስ ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ቤቱ ሽርጥ ያገለደመ መሰለ። መሲ የምትባል፣ እስከ አፍንጫዋ ጭቃ የሆነች ልጅ ቀና ብላ ጠየቀች።

«እማማ፣ ደክመዋል እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ጨርቁ።»

ቆሎ ዘግነው ሰጧት። ፎቶ ተነሣ፤ ተጨበጨበ፤ ተሄደ።

ወዲያው ጎረቤታቸው ይታየው መጣ። የሰፈሩን ወንፈል የሚያስተባብረው እሱ ነው። ወንፈል ማለት አንድ ቀን ያጨድሁልህን አንድ ቀን ታጭድልኛለህ ነው፤ የማይመልስ አይገባበትም። እማማ ጥሩሸዋ ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ማጭዳቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! መንግሥት ካየዎት እንግዲህ ማጭድዎን ይስቀሉ። እኛም አናደክምዎ።»

«ገብሴንስ ማን ያጭደዋል?»

«እነዚያው ልጆች ናቸዋ!»

እማማ ጥሩሸዋ ሽርጥ ያገለደመውን ግድግዳቸውን አዩ። ገብሱ ደርሷል፤ ውርጩም በሌላ በኩል እየደረሰ ነው። ብቻቸውን ቢገቡበት ግማሹ ማሳው ላይ መቅረቱ ነው።

በገበያው ቀን ጭድና እበት አዝለው ትምህርት ቤቱ ግቢ ዘው አሉ። ትምህርት ቤቱ የገበያ መንገድ ላይ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል።

«ምን ልርዳዎት እናቴ?» አለ በዕውቀቱ።

«ምንም። አንድ ቀን ሠርታችሁልኛል፤ አንድ ቀን ልሠራ መጣሁ።»

«ያ እኮ በነፃ ነው!»

«በነፃ ወስዳ የማትመልስ ልታሰኙኝ ነው? እኔ ምን በደልኋችሁ?»

የሦስተኛ ክፍል ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ነፋስ ያስገባል። ልጆቹ በውስጡ እየተንቀጠቀጡ ስለ ማኅበረሰብ አገልግሎት ይማራሉ። እማማ ጥሩሸዋ ጭቃቸውን አቡክተው፣ አግዳሚ ወንበር አስወጥተው፣ ላዩ ላይ ቆመው፣ ከላይ ከጣራው ሥር መምረግ ጀመሩ። ገበያተኛው ከአጥሩ ውጪ ተኮለኮለ። ይታየውም አንድ በግ እየጎተተ ደረሰ።

«እትዬ ይውረዱ! ይወድቃሉ!»

«አንተ፣ ከማውራት ጭቃ አቀብለኝ!»

ሰው እያየ እምቢ አይባል። በጉን አጥሩ ላይ አሰረና ጭቃ ያመላልስ ጀመር።

«ይታየው! ቶሎ በል እንጂ፣ ደካማዋ ቀደሙህ!» አለ አንዱ ገበያተኛ። አጥሩ በሳቅ ተናጋ።

«ደከመህ እንዴ?» አሉ እማማ ጥሩሸዋ ከላይ ሆነው።

«ኧረ... ሐሙስ የኔ ገብስ ነው እትዬ» አለ እያለከለከ። «ማጭድዎን ስለው ይምጡ።»

«የኔስ?»

«ዓርብ።»

«አልሰሙህም፤ ጮክ በል።»

«ዓርብ የእትዬ ጥሩሸዋ ነው!» አለ ወደ አጥሩ ዞሮ።

በዕውቀቱ ይህ ሁሉ ሳይነሣ እንዳይቀር ፎቶ አንሺውን ጠራ። ትምህርት ቤቱ ያለው ጨርቅ አንድ ስለሆነ ልጆቹ ያንኑ ወጠሩት። ፎቶው ላይ እማማ ጥሩሸዋ ከጣራው ሥር ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከታች፣ «አቅመ ደካሞችን እንረዳለን» ከሚለው ጨርቅ በላይ፣ የይታየው ላብ ያጠመቀው ፊት ብቅ ብሏል።

ዓርብ ገብሳቸው ሲታጨድ ይታየው ከሁሉ ቀድሞ ማሳው ውስጥ ነበር። በዚያ ሳምንት ስለ አቅም ማንም ሲያወራ አልተሰማም።