ዳማን የጠበቅሁባቸው ሦስት ቀናት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ቤዛ ደወለችልኝ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «እማ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» አለችኝ። ቤዛ የምታማክረኝ አብዛኛውን ጊዜ ከወሰነች በኋላ ስለሆነ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ያላት ውሻ ወልዳለች፤ ባልደረባዋ አንዷን ቡችላ ለእሷ ልትሰጣት ፈልጋለች። ልጄ ነርስ ናት። ላፍቶ ውስጥ ሰፋ ያለ ግቢ ካለው ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። አከራዮቿም ፈቅደውላታል።

«ግን እንጃ» አለች። «ተረኛ ሆኜ የምውልባቸው ቀናት አሉ። እንዲያው ስታይኝ ውሻ ለማሳደግ ዝግጁ ነኝ?»

«ነገ እደውልልሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና በመስኮቱ በኩል የጎረቤቱን ቆርቆሮ አጥር እያየሁ ብዙ ተቀመጥኩ። ይህን ጥያቄ እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ ጠይቄዋለሁ። ለማንም ሙሉውን ነግሬ የማላውቀው ታሪክ ነው።

ጊዜው ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ከእኛ ሰፈር ወዲያ ማሳ ነበር። ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት ሜዳ ያኔ ጤፍ ይዘራበታል፤ ከመንገዱ ማዶ ሴቶች የባቄላ እሸት በእቅፍ ይሸጣሉ። እሸቱን እየፈለፈልን ከትምህርት ቤት በእግር እንመለሳለን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጭቃው ደርቆ የጎማና የሰኮና ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። በላዩ ላይ ሲሄዱበት እግር ይወለምታል።

አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበረች ማታ ነው የምትመጣው። እኔ በጠዋት ፈረቃ ስለምማር ከቀትር በኋላ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ቁልፉን በሩ ላይ ስሰካ ውስጥ አባቴ የሚያስል ይመስለኝ ነበር። ሳሉን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በሩን እከፍታለሁ፣ ማንም የለም። ይህን ለእናቴ ልነግራት አልፈለግሁም፤ የእሷን ሐዘን መቀስቀስ ይሆንብኛል። ውሻ እፈልጋለሁ ብቻ አልኳት።

«ውሻ መውደድ ሌላ፣ ማሳደግ ሌላ» አለችኝ። «ጋሽ ተሰማን ጠይቂያቸው። እሳቸው ትችላለች ካሉ አልከለክልሽም።»

ጋሽ ተሰማ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ወስዶባቸዋል። ስማቸው ተሰማ ሆኖ እሳቸው የማይሰሙ መሆናቸው የሰፈሩ ቀልድ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሳቸው ይቀልዱበት ነበር። ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ከአፉ ላይ አይነቅሉም። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ያለቻቸው ዳማ ናት።

ዳማ በስሟ እንደሚታወቀው ቀይ ቡኒ መልክ ያላት፣ ከሲታ፣ ጅራተ ረጅም ውሻ ነበረች። ሰው የጋሽ ተሰማን በር ሲያንኳኳ አትጮኽም። ቢጮኹላቸው እንደማይሰሙ እንዴት እንደገባት እግዜር ይወቅ። ቀስ ብላ ትመጣና በአፍንጫዋ ጉልበታቸውን ትነካቸዋለች፤ ከዚያ ወደ በሩ ትመራቸዋለች። «ሻይ ሲገነፍልም ትነግረኛለች» ይሉ ነበር። ያኛውን በዓይኔ አላየሁም። የበሩን ግን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

በመስከረም መጨረሻ አራት ቡችሎች ወለደች። ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩና፣ «ጋሼ፣ አንዱን ቢሰጡኝ» አልኳቸው።

«ለመውሰድ ነው ለማሳደግ?» አሉኝ።

«ለማሳደግ።»

«እንግዲህ እናያለን።»

ለማየት ብዙ አልቆዩም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብረ ዘይት ያለው ወንድማቸው ማረፉን ሰው መጥቶ አረዳቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው የግቢያቸውን ቁልፍ ይዘው እኛ ቤት መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሠልስቱን ውዬ እመለሳለሁ። ዳማን አንቺ ያዢልኝ» አሉኝ። «አራስ ናት፤ ጠዋትና ማታ ብቻ አይበቃትም፣ ሦስት ጊዜ አብያት። ትተሻት ስትወጪ ደግሞ ከበሩ ሥር ያለውን ቀዳዳ በድንጋዩ ድፈኚው።» ቁልፉን እጄ ላይ አድርገው በዚያ ሐዘናቸው መሃል ፈገግ አሉ። «ቡችላ ይሰጣት አይሰጣት የሚለውን ስመለስ ዳማን ነው የምጠይቃት። አንቺን አይደለም።»

የመጀመሪያው ቀን ሐሙስ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ በአጥንት መረቅ አራስኩላትና በልታ እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቡችሎቹ ዓይናቸውን ከገለጡ ጥቂት ቀናቸው ነው። ሆዳቸው ሞቅ ያለ ዳቦ ይመስላል፤ የወተትና የገለባ ጠረን አላቸው። የፊት እግሯ ጫፍ ነጭ የሆነውን ለራሴ መረጥኩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ነበርኩ፤ ባዶ ቤታችንን አንዴም አላሰብኩትም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ተጫወትኩና ምሳዋን አሳለፍኩባት። ደርሼ ሳበላት ቶሎ ቶሎ ዋጠችው። ግቢውን መጥረግ ነበረብኝ፣ ይሸታል፤ ነገ እጠርገዋለሁ አልኩ። ውሻ ማሳደግ የሚጀምረው በሁለተኛው ቀን መሆኑን ያኔ የነገረኝ የለም። ቢነግረኝም ከቁም ነገር የምቆጥረው አይመስለኝም።

ቅዳሜ የጓደኛዬ የሜሮን እኅት ሠርግ ነበር፣ ሀና ማርያም። እናቴ በጠዋት ገበያ ወጥታለች። እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ፀጉሬን ሳበጥር በመንገዱ ላይ መኪና መጣ፤ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ተጭኗል። የእብድ ውሻ በሽታ ስላለ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መርዝ የተደረገበት ሥጋ እንደሚጣል፣ ውሻ ያለው ሰው እስከ ነገ ጠዋት ከግቢ እንዳያስወጣ እየደጋገመ ተናገረ። ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ ቃል በቃል ሰማሁት። አልሰማሁም ብዬ የምምልበት መንገድ የለኝም።

ወዲያው የታክሲ ጥሩምባ ተነፋ። ሜሮን አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «ሙሽሮቹ ሳይደርሱ መድረስ አለብን!» አለችኝ።

ወደ ጋሽ ተሰማ ግቢ ሮጥኩ። በሩን ከፍቼ አየሁ። ዳማ ቡችሎቿን እያጠባች ቀና ብላ ተመለከተችኝና ጅራቷን መሬቱ ላይ መታች። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ለማንከባለል ሁለት እጅና ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ነጭ ቀሚስ ለብሻለሁ። አራስ ውሻ ልጆቿን ጥላ የትም አትሄድም አልኩ ለራሴ። በሩን ቆልፌ ታክሲው ውስጥ ገባሁ።

ቁርሷን አላበላኋትም ነበር። ረስቼው አይደለም። ስመለስ ከሠርጉ ቤት ሥጋ አመጣላታለሁ፣ አንድ ጊዜ ጠግባ ትበላለች ብዬ ነው የተውኩት።

የሠርጉን ነገር ብዙም አላስታውስም። የማስታውሰው አጥንት ስለምን መዞሬን ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያሉ ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ ለውሻ ነው ስላቸው ፌስታሉን ሞሉልኝ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሰፈሬ አቅራቢያ ከታክሲ ወረድኩ። የመንገዱ ዳርና ዳር ዝም ብሏል። ሁልጊዜ ታክሲውን እየተከተሉ የሚጮኹት የመንገድ ውሾች አንድም አልነበሩም።

ዳማን ያገኘኋት ማሳው ጫፍ ላይ ካለው ቦይ አጠገብ ነው። ፊቷ ወደ ቤት ዞሯል። በበላችው ሥጋ እየተቃጠለች ወደ ልጆቿ ስትመለስ ነበር የወደቀችው። ጡቶቿ ወተት ሞልተው ተወጥረዋል፤ ከአንዱ ጠብ ያለው ወተት አቧራው ላይ ነጭ ምልክት ሠርቷል። ፌስታሉን ይዤ ቆምኩ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። የሰፈር ሰው ጠርታ አስቀበረቻት፤ ከዚያ ወተት በውኃ አቅጥና በጥጥ እያራሰች ቡችሎቹን አጠባቻቸው። «ድንጋዩን አላደረግሽም?» ብቻ አለችኝ። አላደረግሁም አልኳት። ስለ ቁርሱ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ጋሽ ተሰማ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረሱ። እናቴ በራቸው ላይ ተቀብላ ነገረቻቸው። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ፊታቸው ቆምኩ፤ ዓይናቸው አፌ ላይ ነው።

«ድንጋዩን ትቼው ሄድኩ፣ ጋሼ» አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ቀስ ብለው፣ «በልታ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ በልታ ነበር።»

አፌን አተኩረው አዩት። ከዚያ ጥግ ሄደው የዳማን ሳህን አነሱ። ዓርብ ማታ የላሰችው ነው፤ ጠርዙ ላይ የቀረው ደርቆ ጉንዳን ይዞታል። ሳህኑን ወደ ቧንቧው ወስደው ራሳቸው አጠቡትና ግድግዳው ሥር ደፉት። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ዛሬ ይህን ታሪክ ረስቼው ይሆናል እላለሁ አንዳንዴ።

«ነይ፣ ቡችላሽን ውሰጂ» አሉኝ።

«አይ፣ ጋሼ። እኔ ዝግጁ አይደለሁም።»

«ከትናንት ወዲያ አልነበርሽም» አሉ። «ዛሬ ግን ሳትሆኚ አትቀሪም።»

ያን ጊዜ ንግግራቸው አልገባኝም። ቤቴ ሮጬ ገባሁ። በጉብዝናዬ ዘመን ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ የበለጠ የሚከነክነኝ ይህ ሩጫ ነው። ዳማን መግደሌ ስንፍና ነበር፤ በስንፍና ላይ ትንሽ ክፉ ዕድል ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ግን አስቤበት ነው። ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው አራት ቡችሎችን በየሰዓቱ በጥጥ ወተት ሲያጠቡ፣ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ሁለት እጅ ያለኝ፣ ከግድግዳው ወዲህ መስኮቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ቡችሎቹ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። እሳቸው አይሰማቸውም፤ የሚሰማው ለእኔ ነው። ራዲዮ እከፍታለሁ። በሳምንቱ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፤ ሰጥተዋቸው ይሁን ሞተው አላወቅሁም። እናቴ ወተት ይዛ ስትሄድ ስትመለስ ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት ከክፍሉ እወጣለሁ።

ጋሽ ተሰማ በርጩማቸውን አውጥተው በራቸው ላይ መቀመጥ የጀመሩት ያኔ ነው። በሩን ወለል አድርገው ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣሉ። የማያውቃቸው ሰው ፀሐይ የሚሞቁ ይመስለዋል። ሰው መጥቶ አንኳኩቶ እንዳይመለስ ነው። የኅዳር ነፋስ ከማሳው ገለባ እያነሳ ፊታቸው ላይ ሲበትን እንኳን አይገቡም ነበር። ባለፍኩ ቁጥር ባርኔጣቸውን አንስተው፣ «እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ?» ይሉኛል። ሰላምታቸውን መቻል ሲያቅተኝ በማሳው ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። የሩብ ሰዓት መንገድ ግማሽ ሰዓት ሆነብኝ።

በታኅሣሥ የወንድማቸው ልጅ በመኪና መጥቶ ወደ ደብረ ዘይት ወሰዳቸው። ሊሰናበቱ መጡ። እናቴን፣ «ልጅትስ?» ሲሏት መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ነበር። ትምህርት ቤት ናት አለቻቸው። ለእኔ ብላ የዋሸችው ውሸት ነው፤ ስለሱ ተነጋግረን አናውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማን።

ሰኞ ዕለት ለቤዛ መልሼ ደወልኩና ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ የቁርሱን ነገር ጭምር። ሠላሳ ዓመት ይዤው የኖርኩትን ለመናገር የፈጀብኝ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

«ቡችሎቹስ?» አለች በመጨረሻ። «ስንቱ ተረፉ?»

«አልጠየቅሁም» አልኳት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ለራሴ እንኳን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። በኋላ እናቴ ታማ አልጋ ላይ እያለች፣ ብዙ አሮጌ ነገር ስናነሳ ስንጥል፣ ልጠይቃት እችል ነበር። አልጠየቅኋትም። አሁን የሚያውቅ ሰው የለም።

ዝግጁ ነሽ ወይም አይደለሽም ልላት እንደማልችል ነገርኳት። እኔ እንደዚያ ሐሙስ ቀን ዝግጁነት የተሰማኝ ጊዜ የለም።

«ቅዳሜ ላመጣት ነው፣ እማ» አለች ቤዛ። «ግን ተረኛ በምሆንባቸው ቀናት ብቻዬን አልችልም። ማክሰኞና ዓርብ አንቺ እየመጣሽ ታበያታለሽ?»

ከቤቴ እስከ እሷ ቤት አንድ ታክሲ ነው። ሥራዬን ከተውኩ ቆይቷል፤ ማክሰኞም ዓርብም ሥራ የለኝም።

«አንድ ቀን ስጪኝ» አልኳት።

«ሁለት ቀን ውሰጂ» አለችኝ ልጄ።

ይኸው ዛሬ ረቡዕ ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስካሁን አልደወልኩም።