ፋሲል ያልቀመሰው ቡርቦን

ፋሲል ሀብቱ መጠጥ የሚሸጠው ኦክላንድ፣ የሚያድረው ሳን ሆዜ ነው። ጠዋት በ880 አውራ ጎዳና ትራፊክ ሲንፏቀቅ ይሄዳል፣ ማታም ሲንፏቀቅ ይመለሳል። ብስጩ ነው ቢሉት አይፈረድበትም።

የሚሠራበት ስቶር ባለቤት ጡረታ ሲወጣ አንድ ጠርሙስ ቡርቦን ሰጠው። ቡርቦን አሜሪካኖች ከበቆሎ የሚያወጡት ውስኪ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ውሃ ሳይነካው ከበርሜሉ በቀጥታ የተቀዳ፣ አልኮሉ ስልሳ አራት ፐርሰንት። ክብሪት ቢያስጠጉት ይነዳል! ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ሰዎች ከሚልፒታስ ከተማ ድረስ እየነዱ ይመጡና "አለ?" ብለው ጠይቀው፣ ቅር ብሏቸው ይመለሳሉ። ፋሲል የሌላውን መጠጥ ጣዕም ለደንበኛ ሲተነትን ይውላል፤ ይህን ግን አልቀመሰውም። ያልከፈተው ለአባቱ ብሎ ነው።

አባቱ አቶ ሀብቱ በናይንቲ ሰቨን፣ ኦክቶበር ላይ ለጉብኝት መጡ። ፋሲል ያኔ አርባን አልፏል፣ ራሱም የልጆች አባት ነው፤ አባቱ ፊት ግን ብርጭቆ አንስቶ አያውቅም። ማንስ አንስቶ ያውቃል? አዲስ አበባ ሳለ አንዴ ቢራ ይዞ በተቀመጠበት ቤት አባቱ ድንገት ቢገቡ፣ በጓሮ በር ሾልኮ አጥር ዘሎ፣ ሱሪውን ቀዶ ነው ያመለጠው። አሁን ግን አንድ ነገር ፈለገ። አንዴ፣ አንዲት ብርጭቆ፣ ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠጣት።

"አባባ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው" ይላት ነበር ሚስቱን እድላዊትን። "ካሁን በኋላ የት አገኛቸዋለሁ?"

ከጅምሩ አበላሸው። አባቱ በመጡ ማግስት ጠርሙሱን ከፍቶ ቀዳላቸው። አቶ ሀብቱ ብርጭቆውን ተቀብለው፣ "አንተስ?" አሉ።

"እኔ? ኧረ እኔ አልጠጣም አባባ!"

ብሎት አረፈ! አፉ ነው የመለሰው እንጂ እሱ አይደለም። ቃሉን መልሶ መዋጥ በቻለ! አቶ ሀብቱ ጎንጨት አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ትንሽ ቆይተውም "ጥሩ ነው፤ ተባረክ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ይቀዳላቸዋል፣ እሳቸውም ይመርቁታል፣ እሱ ቆሞ ያያል። ባዶውን ብርጭቆ ሊያጥብ ኪችን ሲገባ ያሸተዋል፤ የተቃጠለ ስኳርና የአሮጌ ሳጥን እንጨት ይሸታል። ምራቁን ይውጥና ያጥበዋል።

"እዚሁ አንድ ጉንጭ ጠጥተህ አትገላገልም?" አለችው እድላዊት።

"ተደብቆ መጠጣትማ ልጅ ሆኜም እችልበት ነበር!"

"እንግዲያው ንገራቸዋ።"

"ምን ብዬ? ዋሽቼ ነበር ብዬ?"

"አዎ! ዋሽቼ ነበር ብለህ! ኤዲያ፣ አባትና ልጅ እኮ ታደክማላችሁ።"

አንድ እሁድ ጓደኛው ጌታቸው ከሄይዋርድ መጣ። "ጋሼን ላጫውት" ብሎ ጠርሙሱን ሳብ አደረገና ለራሱ በትልቁ ቀዳ፤ ከዚያ ኮካ ሞላበት። ኮካ! ፋሲል ጥርሱን ነከሰ። ይበልጥ ያንገበገበው ግን ጌታቸው ከአቶ ሀብቱ ጋር ብርጭቆ እያጋጨ ሲስቅ እሱ ውሃ ይዞ መቀመጡ ነው። ጌታቸው ምን አለበት፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው። የገዛ አባቱ ቢሆኑ ይሞክራት ነበር?

የአባቱ የመመለሻ በረራ እሁድ ቀን ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ለሁለት ሰው የምትበቃ ቀርታ ነበር። "ዛሬ እነግራቸዋለሁ" ብሎ ቆርጦ ሥራ ሄደ። ሲመለስ መንገድ ላይ መኪና ተጋጭቶ 880 ቀጥ ብሏል። መሪውን እየደበደበ፣ "አባባ፣ እኔም ልቅመስ፤ አባባ፣ እኔም ልቅመስ" እያለ ተለማመደ። ቤት ሲገባ ጠርሙሱ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

"መጣህ? ጨረስኩልህ" አሉ አባቱ። ግንባራቸው በላብ ወዝቷል።

"አባባ! ምናለ ቢጠብቁኝ! አብሬዎት ልጠጣ ነበር እኮ! እጠጣለሁ እኮ እኔ! ድሮም እጠጣ ነበር!"

በአባቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። እድላዊት ከኪችን ብቅ አለች።

አቶ ሀብቱ ሆዳቸውን በእጃቸው ያዝ አደረጉ። "እኔ እኮ ጨጓራዬ መጠጥ ከከለከለኝ ስንት ዘመኔ። ይኼ ነገር ሲልጠኝ ነው የከረመው።"

"ታዲያ ለምን ይጠጣሉ?"

"ስትቀዳልኝ ምን ልበል? ልጄ ደክሞ ያቆየልኝን አልፈልግም ልበል? ዛሬም ትቼው ብሄድ ይከፋዋል ብዬ ነው የጨረስኩት።" ባዶውን ጠርሙስ ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። "ማታ ማታ ብቻዬን ታስቀምጠኝና ቆመህ ታየኛለህ። ያ ጓደኛህ እንኳ አብሮኝ ጠጣ። እኔማ ከእኔ ጋር መቀመጥ ቢያስጠላው ነው ብዬ ነበር።"

ፋሲል ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

"በል አሁን ቤት ውስጥ ያለውን አምጣና እፊቴ ጠጣ" አሉት።

ምን አለና! ቀኑን ሙሉ መጠጥ ሲሸጥ የሚውለው ሰውዬ፣ አባቱ እንዳያዩበት ብሎ ቢራውንም ወይኑንም ጠራርጎ ሄይዋርድ ጌታቸው ቤት ካስቀመጠው ወሩ ነው። "ወጥቼ ልግዛ" ብሎ ብድግ ሲል አቶ ሀብቱ ክንዱን ያዙት።

"ተወው፣ የትም አትሂድብኝ። ነገ ሂያጅ ነኝ፤ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። እድላዊት ለጨጓራቸው ብላ ወተት ሞቅ አድርጋ በሁለት ብርጭቆ ይዛ መጣች። ፋሲል ወተት ነፍሱ አይወድም። አባቱ ፊት ብርጭቆውን አነሳና እስኪያልቅ ጠጣው።