የአባቴ የከፋይ ጫማ

ዛሬ ባለቤቴ የከፋይ ነጠላ ጫማው ላይ ሻይ ሲደፋ፣ እኔ ደንግጬ በሩን አየሁ። አባቴ ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

በጃንሆይ ጊዜ ቡታጅራ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚያደርጉትን ጥቁር የከፋይ ጫማ፣ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ላስደስታቸው ብዬ በሳሙና አጠብኩት። (ከፋይ ሳሙና አታስነኩ፤ ከልምድ ነው።)

የጨርቁ ለስላሳ ፀጉር ዝናብ እንደመታው ድመት ተለጣጠፈ። ወዲያው ኮቴያቸውን ከደጅ ሰማሁ።

እማዬ ጫማውን ከእጄ ነጥቃ፣ በማንቆርቆሪያው እንፋሎት ላይ ይዛ በልብስ ብሩሽ ፀጉሩን ማንሳት ጀመረች። አባዬ ገቡ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ» አለች። ብሩሹ እጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዛሬም የባለቤቴን ጫማ ፀጉር በእንፋሎት አነሳሁት። ባለቤቴ «ሻይ እኮ ነው፣ ምን ያንቀጠቅጥሻል?» አለኝ።

በእናንተ ፈንታ እየፈራ «እኔ ነኝ» ያለላችሁ ማን ነበር?