ካዝና ውስጥ የኖረው ባክአፕ

የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ ፊት ለፊት አንቱ ይባል ነበር። እኔም ስንት ዓመት አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ግን አልለውም።

ድርጅታችን የውኃ ፓምፕ ይሸጣል። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ እኛ የባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ነን። ደንበኞቻችን የቆጋ መስኖ ገበሬዎች፣ በሐይቁ ዳር አትክልት የሚያለሙ፣ ዘጌ ውስጥ የቡና ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ናቸው። እኔ የምሠራው ደንበኞች አገልግሎት ነው። ማን የትኛውን ፓምፕ እንደገዛ፣ ምኑ እንደተበላሸበት፣ መካኒክ መቼ እንደሚሄድለት፣ ደውሎ ምን ብሎ እንደተቆጣን፣ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ ባለው የደንበኞች ሲስተም እናስገባለን። ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ ለደንበኛው ስልክ መልእክት ይልካል።

ሥራ አስኪያጁ ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቃል ነበር፤ ባክአፕ። ሲስተሙ ቢጠፋ መልሶ የሚያነሣው ቅጂ ማለት ነው። ቅጂው በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ቢሮው ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ካዝናውን ከፍቶ፣ ዲስኩን በሁለት እጁ ይዞ በኮሪደሩ ያልፍ ነበር። ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው ብቻ ነበር የቀረው። ሲስተሙ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ይሰካዋል፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ነቅሎ ይቆልፍበታል። ይቀዳ አይቀዳ አይቶ አያውቅም። ሲስተሙ ችግር ሲያጋጥመው ማስጠንቀቂያ የሚልክበት ኢሜይል ደግሞ ድሮ ሥራ የለቀቀ ሰው ኢሜይል ነበር።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ፣ ከዲስኩ መልሰን ብንሞክረውስ ብዬ ጠየቅሁ። እሱም የምጠራጠረው ቴክኖሎጂውን ይሁን እሱን እንድነግረው ፈለገ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ባክአፕ ሲነካካ እንደሚበላሽ ረዘም አድርጎ አስረዳን። አንዳንዶቹ ማስታወሻ ያዙ።

ክረምት ላይ ሐይቁ አናት ላይ ነጎድጓድ ሲያጓራ አደረና መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ሄዶ መጥቶ ሰርቨሩን አቃጠለው። ጠዋት ስንገባ ሲስተሙ የለም። የደነገጥነው እኛ ነን፤ ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎታል። ይህንን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይመስል ነበር። ቁልፉን እያሽከረከረ ወደ ካዝናው ሄደ።

አዲስ ሰርቨር ተገዝቶ ሲመጣ ባለሙያ ተጠራ። ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሚያስተምርና በትርፍ ጊዜው ጥገና የሚሠራ ወጣት ነው። ዲስኩን ሰካ፣ ፋይሎቹን አየ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። የመጨረሻው ቅጂ የቆየ ነው፤ ሁለት ዓመት ግድም ሆኖታል፤ ዲስኩ ስለሞላ ሲስተሙ መቅዳቱን አቁሟል። በምን ሞላ ብለን ሳንጨርስ አንዱን ፋይል ከፈተው። የሥራ አስኪያጁ ልጅ በሙሽራ ልብሷ ጀልባ ላይ ቆማ፣ ከሰማይ እየተቀረጸች፣ ጣናን ስታቋርጥ ታየች። ሙዚቃም ነበረው።

ማንም አልሳቀም። ሥራ አስኪያጁ፣ «እሱን ዝጋው» አለ።

ባለሙያው ያለውን የቆየ ቅጂ መመለስ እንደሚቻል፣ ግን መጀመሪያ መልእክት መላኪያው መዘጋት እንዳለበት ነገረን። ቅጂው ውስጥ ያኔ ሊላኩ ወረፋ የያዙ መልእክቶች አሉ፤ ካልተዘጋ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይልካቸዋል። ሥራ አስኪያጁ አልተቀበለውም።

«ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል ብዬ ለአዲስ አበባ ነግሬያለሁ» አለ። «ሙሉ ማለት ሙሉ ነው።»

ባለሙያው አንዴ አየኝ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ የታዘዘውን ሠርቶ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ከቢሮ ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ካፊያ አለ። ጋቢያቸውን የተከናነቡ፣ ጃንጥላ የያዙ፣ ከመራዊ በኩል ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ተሳፍረው የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አንዷ ስልኳን አሳየችኝ። ውድ ደንበኛችን፣ ሰኞ ጠዋት በግቢያችን ለሚሰጠው የፓምፕ አጠቃቀም ሥልጠና ተጋብዘዋል ይላል። ሥልጠናው የተሰጠው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። እሷም ያኔ ሠልጥናለች። ሌላ የተጨመረ ነገር ይኖራል ብላ ነው የመጣችው።

ወደ ላይ ወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ በመስኮት ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሣል።

«ገበሬ መልእክት አንብቦ መች ይረዳል» አለኝ። «ተሳስታችሁ ነው የመጣችሁት በያቸው።» ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብሎ በጓሮ በር ወጣ።

ወረድሁና ጥፋቱ የእኛ መሆኑን፣ ሥልጠና እንደሌለ ነገርኋቸው። ሊቆጡን ከሚገባው በታች ነው የተቆጡት። ከጎረቤት ካፌ ሻይና ዳቦ አስመጣን። አንዱ ሰውዬ ከመጣሁ አይቀር ብሎ ስለሚያፈስ ፓምፑ ማውራት ጀመረ፣ መካኒካችንም መስማት ጀመረ፣ ነገሩ ሥልጠና መሰለ።

ከሁሉም ራቅ ብለው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ ቄስ ነበሩ። ከዘጌ በጀልባ ነው የመጡት። ስልክ አውጥተው ሰጡኝ፤ ያው መልእክት ነው።

«ስልኩ የወንድሜ ነው» አሉኝ። «አርፏል። ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ እርስዎ በዚህ ዝናብ ለምን ደከሙ፣ አባቴ?»

«ወንድሜ ተጠርቶ ቀርቶ አያውቅም። እኔ ልገኝለት ብዬ ነው።»

የወንድማቸው ሞት ያኔውኑ ተነግሮን ነበር። አሁን ፓምፑን የሚጠቀምበት የሟቹ ልጅ ደውሎ ነግሮኝ፣ በገዛ እጄ ሲስተሙ ውስጥ አስገብቼው ነበር። ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ሲስተም ወንድማቸውንም ከሞት መልሷቸዋል። ለቄሱ ነገሩን እንዳለ አስረዳኋቸው፤ ነግራችሁን ነበር፣ ጽፈነውም ነበር፣ ግን የሁለት ዓመቱ መዝገብ በሙሉ ጠፋብን አልኋቸው።

«ሁሉም ጠፋ?» አሉኝ።

«ሁሉም።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉኝና መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ።

ከልባቸው ይሁን ሲያላግጡብን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሁለቱም ይገባናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔና የአንዲት ባልደረባዬ ነበር። መልእክት መላኪያውን ዘጋነው። ከዚያ ለየደንበኛው እየደወልን፣ መዝገብዎ ጠፍቶብናል፣ እንደገና ይንገሩን እያልን ክረምቱን አሳለፍነው። ብዙዎቹ ሳቁብን። አንዳንዱ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ያልገዛውን መለዋወጫ ገዝቻለሁ አለ፤ አልፈረድሁበትም። ዘጌ ስደውል የሟቹ ልጅ ነው ያነሣው፤ ስሙን በአባቱ ቦታ አስገባሁት። የፔዳው ባለሙያም ተመልሶ መጥቶ ቅጂው በሁለት የተለያየ ቦታ እንዲቀመጥ አደረገ። አሁን በየጊዜው ከቅጂው መልሰን እየሞከርን እናያለን።

ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ ሪፖርት ጻፈ። ቅርንጫፉ የጠፋ መረጃውን በፍጥነት መልሶ፣ በማግሥቱ ሰፊ የደንበኞች የምክክር መድረክ ማካሄዱን የሚገልጽ ሪፖርት ነው። ከመስኮቱ ያነሣው ፎቶ ተያይዞበታል፤ ገበሬዎቹ ካፊያ ላይ ቆመው ሻይ ሲጠጡ። አዲስ አበባ በጣም ወደደው። ዓመቱ ሳያልቅ የሁሉንም ቅርንጫፎች መረጃ ደኅንነት በበላይነት እንዲመራ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አሳደጉት።

መሸኛው ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ተደረገ። ሰው እየተነሣ አመሰገነው። ስለ አርቆ አሳቢነቱ የተናገረም ነበር። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ተነሥቼ፣ «መልካም መንገድ ይሁንልዎ» አልሁትና ተቀመጥሁ። ሌላ የምጨምር መስሏቸው ጠበቁኝ። ዓሣው እየቀዘቀዘ ነበር፤ መብላቴን ቀጠልሁ።