ቁርጡን ንገረኝ

በደርግ ጊዜ ዲላ በመምህርነት ተመድቤ ሳለሁ፣ አንድ ቀን አልለቅ ያለኝን ሳል ላሳይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከኩባ የመጣው ሐኪም እንግሊዝኛ መቻሌን ሲያውቅ የእኔን ሳል ተወና «ጓድ መምህርት፣ እባክሽ አስተርጉሚልኝ» ብሎ ወደተኙ በሽተኞች ክፍል ወሰደኝ። ሰው ፊት መናገር ሞቴ ነው፤ እንቢ ማለት ግን ከዚያም ይብስብኛል።

በሽተኛው፣ ኢዲዶ በምትባል መንደር ቡና ለመልቀም ከወላይታ የመጣ ጎልማሳ ነው። አውራ ጣቱ አብጦ ጠቁሯል። ሐኪሙ «ወይ ዛሬ እንቁረጠው፣ ወይ መድኃኒት እየሰጠን ጥቂት እንጠብቅ። ምርጫው የእሱ ነው» አለኝ። ቃላት ስመርጥ ሰውየው ቀደመኝ። አማርኛን በሥራ ላይ ስለለመደ ሴትንም እንደ ወንድ ነው የሚያናግረው።

«እህቴ፣ ቁርጡን ንገረኝ!»

የሐኪሙ ፊት በራ። ከሥጋ ቤት የለመዳት አንዲት የአማርኛ ቃል ነበረችው። «ቁርጥ! በቃ፣ ወስኗል» ብሎ ነርሷን ሊጠራ ተነሳ።

«ቆይ፣ ዶክተር!» ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። «እውነቱን ንገሩኝ ማለቱ ነው እንጂ ቁረጡኝ አላለም።»

ከዚያ ምርጫውን ለሰውየው አስረዳሁት።

«እንጠብቃ! ያለ አውራ ጣት በምኔ ልልቀም?» አለ።

ደክሞኝ ልወጣ ስል ከጎኑ የተኛው፣ ጣቱ የተቆረጠ ሌላ ለቃሚ፣ ፋሻውን እያየ ቀስ ብሎ ጠራኝ።

«እህቴ፣ እኔም ያልኩት ‹ቁርጡን ንገረኝ› ነበር።»