ማርሚታውን የመረጠው ፈረስ

መኪና መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። ቆሰበር ላይ ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት የተጣለ ሞተር እየገዛሁ፣ እየፈታሁና መልሼ እየገጠምኩ ነው ሥራውን ያወቅሁት። ስለዚህ በእጄ ሥራ ሰው ሲጠራጠር አልወድም። ልጆቼንም ያላወቃችሁትን አናውቅም በሉ፣ ያወቃችሁትን አትደብቁ እያልኩ አሳደግኋቸው። ይህን ደንብ በገዛ ቤቴ ያፈረስኩት ግን እኔው ነኝ፤ ለዚያውም በአንድ ማርሚታ፣ በመኪና ጭስ ማውጫ፣ ምክንያት።

ታላቋ ልጄ ባሕር ዳር ትሠራለች። ሁለት በር ብቻ ያለው፣ ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ገዛች። ሞተሩን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው። የጭስ ማውጫው ግን ከመሃል ጀምሮ በዝገት አልቋል፤ የፋብሪካው መለዋወጫም አይገኝም። ሠርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይዛው መጣች። ሐሳቧ ሙሽራውን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ራሷ እየነዳች፣ በፈረሰኞች ታጅባ ከቤቴ መውጣት ነበር።

ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው እሷ ከአዲስ አበባ ገዝታ በካርቶን ያመጣችው ማርሚታ ነው፤ የማይዝግ ብረት፣ ቱቦው ሰፊ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት፣ ድምፁ ወፍራም። ሁለተኛው እኔ የምሠራላት ነው፤ ጭሱ በሦስት ክፍል እየዞረ በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚያልፍበት፣ ድምፁን ውስጡ የሚያስቀር።

«ነጎድጓድ ማሳ አያጠጣም» አልኳት። «መኪና በመጮኹ አይከበርም፤ ሰውም እንደዚያው።»

«አባ፣ እርስዎም እኮ ሲቆጡ እስከ ገበያው ይሰማል» አለችኝ። እናቷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

በማግስቱ ብቻዬን ካርቶኑን ከፈትኩና መኪናው ሥር ገብቼ ለካሁት። የብሎን ቀዳዳዎቹ ልክ በልክ ሆኑ። ወጥቼ እጄን ጠረግሁና «አይገጥምም» አልኳት። ይገጥም ነበር። ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩት፣ ፈረሶቹ ደንብረው ሰው ይጎዳል የሚል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን አባቷ ጋራዥ እያለው ማርሚታ ከሌላ ቦታ መግዛቷ ስላናደደኝ ነው። እሷ አመነችኝ። እኔም ሦስት ቀን ብረት ቆርጬ በየድኩና የራሴን ገጠምኩ። አስነሥቼ ስሰማው ጸጥ ያለ ነበር፤ ደስ አለኝ።

በእኛ አካባቢ ሠርግ የሚያጅብ ፈረስ አስቀድሞ ከበሮና እልልታ እንዲለምድ ይደረጋል። የሙሽራው አባት ከዘንገና በኩል የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ሰልፉን የሚመራውን ዳማ ፈረሱን እየሳበ አንድ ቅዳሜ ጧት ግቢያችን ገባ።

«ከበሮውን ለምዷል» አለኝ። «አሁን ደግሞ የልጅቷን መኪና ይስማ። እሱ እምቢ ካለ ሌሎቹም አይሄዱም። ያን ጊዜ ወይ መኪናው ይቀራል ወይ እኛ እንቀራለን።»

ልጄ ቁልፉን ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች። ሁለቱንም ነበር የምትፈልገው።

አስነሣችው። ፈረሱ ዝም አለ። ነዳጅ ስትጨምር ግን ከማርሚታው ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ ለእኔ ጆሮ ብዙም አይሰማም። ፈረሱ ጆሮውን ወደኋላ ልጥፍ አድርጎ በኋላ እግሮቹ ቆመ፤ ገመዱ ከሽማግሌው እጅ ሊያመልጥ ጥቂት ቀረው።

«አማቼ፣ ምን ከተውበት ነው? እባብ አለበት እንዴ?»

ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስቱንም ጊዜ ደነበረ። ጥፋቱ ወዲያው ገባኝ። ቀዳዳዎቹን የበሳሁት በደነዘዘ ትራፓኖ ነበር፤ ጠርዛቸውንም አልሞረድኩትም። ጭሱ በዚያ ሻካራ ጠርዝ ሲያልፍ ያፏጫል። ለማስተካከል ሁሉንም ቀዶ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል፤ ሽማግሌው ደግሞ ፈረሱን ይዞ ሌላ ቀን አይመለስም።

«እንግዲህ መኪናው ይቅር» አለ።

ልጄ ከመኪናው ወረደች። ካርቶኑን አየችና «ያም ባለመግጠሙ ነው እንጂ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ዝም ብል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ሠርጉም በኪራይ መኪና ይሆናል፤ ማንም አያውቅብኝም።

«ይገጥማል» አልኩ።

«አይገጥምም አላሉኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው። ለክቼው ልክ ነበር።»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ፈረሱ አዙሮ ደህና የታሰረውን ኮርቻ እንደገና ያስር ጀመር። ልጄ ረጅም ጊዜ አየችኝ። በልጅነቷ ውሸት ስትናገር እኔ እንደዚያ ነበር የማያት።

«እንግዲያው ይግጠሙት» አለች። «እኔ ባትሪ አበራልዎታለሁ።»

አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አስነሣችው፤ ነዳጅ ጨመረች። ድምፁ ደረት ውስጥ የሚገባ፣ ወፍራም፣ ጎርናና ነው። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ፣ ግማሽ እርምጃ ሸሸ፣ ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የአጥሩን ሥር ሣር ይግጥ ጀመር።

«ይህማ ከበሮ ነው» አለ ሽማግሌው። «ይኼኛውን ያውቀዋል።»

አሁንም ቢሆን ድምፅ ሥራ አይሠራም እላለሁ። ግን ለፈረስ የትኛው ድምፅ እንደሚከብድ ሳልጠይቅ ፈርጄ ነበር፤ ሳይጠይቁ መፍረድን ደግሞ በሌላ ሰው ላይ ሳየው አልታገሥም።

የሠርጉ ዕለት ፈረሰኞቹ በር ላይ ተሰልፈው ልጄ ቁልፉን ከማዞሯ በፊት ሚዜውን ጠራች። «አባቴ አጥብቀውታል» አለችው፤ «ግን አንተም ሥር ገብተህ እይልኝ።» እንድሰማው ነው ጮክ ያለችው። ሚዜው ኮቱን አውልቆ ለእኔ አስያዘኝና ገባ።

«ብሎኖቹ ሁሉ ጠብቀዋል» አለ ከሥር።

አልተቀየምኩም። መታየት ነበረበት። ኮቱን አራግፌ መለስኩለት፤ ልጄም አስነሥታ በፈረሶቹ እርምጃ ቀስ ብላ ወጣች።