ሰንጠረዤን ከሙዚየም ያስፈታሁበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ እዚሁ ቆቦ፣ መሞቴን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አነበብኩ... መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ ባነበውም ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮቢት ከተማ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ሰነባብቼ ስመለስ፣ ተጠቅልሎ የሚሰቀለው ሰንጠረዤ ከቦታው የለም። ሰንጠረዥ የኛው የጥንቱ ቼዝ ነው። ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር መስመር የተሰፋበት፣ ጠጠሮቹ ከቀንድና ከወይራ የተጠረቡ። ልጄን ብጠይቃት ፊቷ በርቶ፣

«አባዬ፣ ለሙዚየሙ ሰጠሁልህ እኮ! ስምህም ተጽፏል፤ ደስ አይልህም?» አለችኝ።

ሙዚየሙ፣ መላኩ የሚባለው የቼዝ አሰልጣኝ ዋናው መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ተከራይቶ የከፈተው ነው። የህንዱ፣ የፋርሱ፣ የሩሲያው ቼዝ በየተራው ተደርድሯል፤ ሥዕሉ፣ ፎቶው፣ የዝሆን ጥርስ የሚመስለው የፕላስቲክ ንጉሥ... ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ሄጄ ሳይ ግን ጥጉ ላይ የኔ ሰንጠረዥ መስታወት ሳጥን ውስጥ ታስሯል። ከጎኑ ምን ይላል? «ሰንጠረዥ። ከአቶ እሸቴ ቤት የተገኘ። ዛሬ የሚጫወተው ሰው የለም።»

እሸቴ እኔ ነኝ። ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወዳጄ ከሐጂ ሰይድ ጋር ደጄ ላይ የሚጫወተው ማነው... ጅኒ?

«መላኩ፣ እኔን ታውቀኛለህ?»

«አባባ እሸቴን ማን ያጣል!»

«የለም ብለህ ለጥፈሃላ።»

«ኧረ አባባ... እንደው በአገር ደረጃ ለማለት ነው።»

«ቆቦ ከአገር ወጣች?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጠጠሮቹን ሳይ አንዱ የለማ! የባጃጅ ብሎኑ።

ያ ብሎን ወታደር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከተማውን ጥለን ወጥተን ስንመለስ ቤቴ ተበርብሮ፣ ጠጠሮቹ ወለሉ ላይ ተበትነው ነበር ያገኘኋቸው። ብንፈልግ ብንፈልግ አንድ ወታደር ጠፋ። እኔማ ጨርቁን ጠቅልዬ ልተወው ነበር። ሐጂ ሰይድ ከልጁ ባጃጅ የወለቀ ብሎን አምጥቶ በጎደለው ቦታ አቆመና «በል አትተክዝ፣ ተጫወት» አለኝ። በዚህች ከተማ በዚያ ሰሞን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

«ብሎኔስ?» አልኩት መላኩን።

«እሱማ አባባ፣ ጥንታዊ ስላልሆነ አወጣሁት። መሳቢያ ውስጥ አለ።»

ደሜ ፈላ። ሐጂ ጋ ደውዬ «ቶሎ ና፣ ሞተናል!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ላብ በላብ ሆኖ ከች አለ። የተለጠፈውን አነበበና፣

«ወላሂ ዛሬ ሱብሒ ሰግጃለሁ፤ ቁርሴንም በልቻለሁ። እንዴት ያለ ሬሳ ነኝ?» አለ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ለሽማግሌ አይመጥንም ትሉኝ ይሆናል። በሉ። ጠጋ ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «መላኩ ልጄ... ፈረሱ ሥር ነቀዝ ያየሁ መሰለኝ» አልኩት። ምስኪን፣ ደንግጦ ቁልፉን አወጣ። ሳጥኑ እንደተከፈተ እኔ ጠጠሮቹን በጋቢዬ አፈስኩ፣ ሐጂ ጨርቁን ሳበ፣ ወለሉ ላይ ዘረጋነው።

«ብሎኑን አምጣ!»

አመጣ፤ ምን ያድርግ።

ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ወረራ ነው የሚባለው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለታችንም እኩል እናንቀሳቅሳለን፣ የቀደመ ቀደመ። እጅ ከእጅ ሲጋጭ መላኩ አሰልጣኝነቱ መጣበትና ጮኸ።

«ኧረ ተራ በተራ!»

«ተራ ዳቦ ቤት ነው!» አለው ሐጂ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ሊጎበኙ የመጡት ተማሪዎች ከበቡን። ጩኸቱን ሰምተው ባጃጅ ነጂዎቹም ገቡ። አንዱ «ሐጂ፣ ፈረስዎን ያሽሹ!» ይላል። ሌላው «አባባ እሸቴ፣ ዓይንዎ ሞራ ጋረደው እንዴ?» ይለኛል። ይሄ ነው እንግዲህ ወጉ፤ ተመልካቹ ካልዘለፈን ጨዋታው አይጥመንም። መላኩ «ጸጥታ! ሙዚየም ነው!» ይላል፤ ማን ሰምቶት። ትንሽ ቆይቶ ግን ጎንበስ ብሎ «ሐጂ፣ በቀኝ በኩል ክፍት ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት... ከሃዲ!

ምክሩም አላዳነው። የሐጂን ንጉሥ ጥግ አስገብቼ መሄጃ አሳጣሁት፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ጨርቁን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሳደርግ መላኩ በሩ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ እባክዎ... ለትውልድ ይቀመጥ። እርስዎ ጋ ይሰበራል፣ ይጠፋል።»

«ይሰበር! ይጥፋ! የጎደለውን እየተካን ነው እዚህ የደረስነው። ትውልዱ ካማረው ቅዳሜ ደጄ ይምጣ፤ አሸንፌ እሸኘዋለሁ።»

«ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ሰው ምን ይለኛል?»

«እውነቱን ንገረው።»

 መላኩ የለጠፈውን ወረቀት አነሳና ገልብጦ በእስክሪብቶ ጻፈበት። «ባለቤቱ እየተጫወተበት ነው።» መልሶ ለጠፈው፣ ከበሩም ዞር አለልኝ። ቅዳሜ እሱም እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ወረራ ይማር።

ባዶው ሳጥን ግን አንጀቴን በላው። የማይንቀሳቀስ ነገር ከፈለገ ሐጂ ሰይድን ያስገባበት፤ ከተሸነፈ ወዲህ ከቤቱ ንቅንቅ አላለም።